ኦቨርታይም የሌለበት ሥራ

ሹመቴን የሰማ ዕለት ፎርማናችን እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለሽ ኢንጂነር፣ ከእንግዲህ ከጭቃ ወጣሽ» አለኝ። ከጭቃ መውጣቴስ እውነት ነው። ቦት ጫማዬ መኪናዬ ኋላ እንደተወረወረ ስምንት ወር ሆኖታል፤ የያዘው ጭቃ ደርቆ መፈርፈር ጀምሯል።

ዘጠኝ ዓመት ሳይት ኢንጂነር ነበርኩ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ጡት ማስጣሉንም፣ የመዋዕለ ሕፃናቱን የመጀመሪያ ሳምንት ለቅሶም ያሳለፍኩት በፌሮና በአርማታ መሃል ነው። ያኔ ያየኝ ሁሉ «ይሄ ለእናት የሚሆን ሥራ ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር። ፕሮጀክት ማናጀር ስሆን ቢሮ እቀመጣለሁ፣ ልጄን በ9 ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤት እኔው አመጣታለሁ ብዬ ነው የፈረምኩት።

አሁን ሳስበው ሳይቱ አድካሚ ነበር እንጂ ለእናትነት የማይመች አልነበረም። የሶሌታ ካስቲንግ ባለ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ገብቼ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የወጣሁበት ጊዜ አለ። አርማታ ከተጀመረ በመሃል አይቆምም፤ ከቆመ አሮጌውና አዲሱ በደንብ አይያያዙም። ግን ያልቃል። የመጨረሻው ሚክሰር አራግፎ ሲሄድ፣ ቫይብሬተሩ ጸጥ ሲል፣ ማለቁን በዓይንሽ ታይዋለሽ። ለሙከራ የተሞላው የአርማታ ኪዩብ በ7 ቀን፣ ከዚያም በ28 ቀን ይሰበራል። ሲ-25 ከሆነ 25 ሜጋፓስካል ደርሷል ወይም አልደረሰም፤ ክርክር የለውም። ያን ሌሊት ቤት የምገባው ሙሉ ለሙሉ ነው። በማግስቱ ልጄን ጭኔ መሃል አስቀምጬ ጸጉሯን ስሠራት፣ ሐሳቤም እዚያው ነበር።

የማናጀር ሥራ ማለቂያ የለውም። አማካሪው የክፍያ ሰርተፍኬቱን ሳይፈርም ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ሲሚንቶ ይመጣል የተባለበት ቀን ያልፋል፤ ሰርቬየሩና ኦፊስ ኢንጂነሩ ተኳርፈው በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። የትኛው ነው በ28 ቀን ተሰብሮ ውጤቱ የሚታየው? ቤት የምደርሰው ከድሮው ቀደም ብዬ ነው። ስልኩ ግን አብሮኝ ይገባል። አንድ ማታ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ ታወራኛለች፤ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላታለሁ። «እማ፣ ምን አልኩ?» አለችኝ። አላውቅም። መዳፏን ከፈተችልኝ። የፊት ጥርሷ ተነቅሏል። ጣሪያ ላይ ልንወረውረው አብረን ወጣን፤ ስልኩን ግን በኪሴ ይዤ ነው የወጣሁት።

ልዩነቱን ሕጉም ያውቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ ላለፈው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ይሆናል። ይኸው አዋጅ ግን «የሥራ መሪ» የሚለውን ሰው ከነጭራሹ አይመለከትም። የሥራ መሪነት በር ላይ በተለጠፈ ስም አይለካም፤ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው የሥራ መሪ ነው። እሱን የሚገዛው የፈረመው ውልና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህን ሳያውቁ የፈረሙ ኢንጂነር ወዳጆች አሉኝ፤ እኔም አንዷ ነኝ። ደመወዙን አየን፣ ፈረምን።

የቀረብኝ የኦቨርታይም ብር አያንገበግበኝም። የሚያንገበግበኝ የቆጣሪው መነሳት ነው። ኦቨርታይም ማለት እኮ «ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ያንቺ ነው፤ ከፈለግነው ገዝተንሽ ነው» ማለት ነው። አሁን የሚገዛ የለም፤ ሁሉም ተሸጧል። ልትሾሚ የተቃረብሽ እህቴ፣ የወሊድ ፈቃዱንም፣ የሥራ ሰዓቱንም ውሉ ላይ አስጽፊ። በቃል «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ቢሉሽ እንዳታምኚ።

ደግሞ እኔም አለቃ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ፌራዮ ሚስቱ ወልዳለት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀኝ። አዋጁ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። የሶሌታው ብረት እየታሰረ ነው፣ የእሱ እጅ ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል። «እርስዎም እናት ነዎት፣ ያውቁታል» አለኝ። ከዓመት ፈቃዱ ሁለት ቀን ጨምሬ አምስት አደረግኩለት፤ ለጋስ የሆንኩ መስሎኝ ኮራሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ደወልኩለት፤ «ነገ ትገባለህ አይደል?» ልለው። ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል። «አቤት ኢንጂነር» አለኝ፣ በሹክሹክታ። ሥራው ነበር ያስደወለኝ እላለሁ፤ ለእኔም ሲደውሉልኝ የሚሉኝ ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ ጋ ጎበዝ መሐንዲስ የሚሸለመው ከምህንድስና በማስወጣት ነው። ደመወዝ ያደገለት ሰው የግድ ሰው መምራት አለበት። መምራት የማይፈልግ፣ ወይም ልጁ እስክታድግ የማይፈልግ ሰው፣ በዕውቀቱ ብቻ የሚያድግበት መሰላል ለምን አይኖርም? ባለቤቴ «ተመለሺ» ይለኛል። የትምህርት ቤት ክፍያውን ማን ይመልሰዋል ግን?

ባለፈው ቅዳሜ ካስቲንግ ነበረን። የሚይዛት ስላልነበረ ልጄን ይዣት ሄድኩ፤ ሄልሜቱ ዓይኗ ድረስ ወርዶባት ላቦራቶሪው በር ላይ ተቀመጠች። የላቦራቶሪው ልጅ ስላምፕ ሊሠራ፣ አርማታው ኮኑ ሲነሣ ምን ያህል እንደሚወርድ ሊለካ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመውን ኮን አቆመ። በሦስት ድርብ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ድርብ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ልጄ ጮክ ብላ ትቆጥርለታለች። ሦስተኛው ድርብ ላይ «አሥራ ስምንት» ስትል ስልኬ ጮኸ። አማካሪው ነበር። ወደ ውጭ ወጣሁ። ስመለስ ኮኑ ተነሥቷል፤ ልጄ ሜትር ይዛ አርማታው ሥር ቁጢጥ ብላለች።

«እማ፣ ስምንት ሳንቲም ወረደ።»