የአዞን ሆድ ሳይከፍቱ ማየት

አዞ የበላውን ምን ያህል ጊዜ በሆዱ እንደሚያቆይ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ለረጅም ዘመን የነበረው መንገድ እንስሳውን ገድሎ ጨጓራውን መሰንጠቅ ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ሂው ኮት ስለ ናይል አዞ በኡጋንዳና በያኔዋ ሰሜን ሮዴዥያ አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው ትልቅ ጥናት የቆመው በመቶዎች በሚቆጠሩ የተገደሉ አዞዎች ጨጓራ ላይ ነው። ከዚያ ሥራ ብዙ ተገኝቷል። ጫጩቱ ከነፍሳት ጀምሮ፣ ሲጎለምስ ወደ ዓሣ፣ ሲገዝፍ ወደ ትልልቅ እንስሳት እንደሚሸጋገር ያወቅነው ከእንዲህ ያለ ጥናት ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ ጨጓራ የሚመሰክረው ስለ አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። ሥጋው መቼ እንደተዋጠ፣ አጥንቱ ሟሙቶ ለማለቅ ስንት ቀን እንደሚቀረው አይናገርም። ስለ ምግብ መፈጨት የሚነሳው ጥያቄ የጊዜ ጥያቄ ነው፤ የሞተ እንስሳ ደግሞ ጊዜን አይቆጥርም። ራጅ ግን ያንኑ አንድ አዞ ዛሬ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከሳምንትም በኋላ ደጋግሞ ያሳያል። ስለዚህ አዞን በአጥር ከልሎ በራሱ ፈቃድና በራሱ ሰዓት የሚመግብ ሰው በዚያ ሆድ ውስጥ የሚሆነውን የማወቅ ዕዳ አለበት እላለሁ፤ ይህን ዕዳ ለመክፈልም ራጅን ያህል ርኅራኄ ያለው መሣሪያ ብዙ የለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮንትገን ራጅን ካገኘ ገና አንድ ዓመት እንዳለፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ማብቂያ ላይ፣ በሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ የነበረው ዋልተር ካነን የእንስሳትን አዋዋጥ በዚህ ጨረር መከታተል ጀመረ። ቀጥሎም ለድመቶች ቢስሙዝ የተቀላቀለበት ምግብ እያበላ የጨጓራቸውን እንቅስቃሴ እንደ ጥላ ተመለከተ። ወደ አዞዎች ስንመጣ የጉዳዩ አስደናቂነት ይጎላል። የአዞ ልብ እንደ እኛ አራት ክፍል አለው፤ ነገር ግን ከቀኝ በኩል የሚነሳ ሁለተኛ አውራ የደም ቧንቧም አለው። በዚህ ቧንቧ በኩል በካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለጸገ ደም ሳንባን ትቶ ወደ ሆድ ዕቃ ሊሄድ ይችላል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ኮሊን ፋርመርና ባልደረቦቿ ይህ ደም የጨጓራ አሲድ ለማምረት ጥሬ ዕቃ ይሆናል ብለው ገመቱ። ግምታቸውንም የአዞ ዘመዶች በሆኑት በአሜሪካ አሊጌተሮች ላይ ፈተኑት፤ የአንዳንዶቹን ቧንቧ በቀዶ ሕክምና ዘጉ፣ የሌሎቹን ተዉ፣ ከዚያም ከተፈጨ ሥጋ ጋር የበሬ ጭራ አጥንት አብልተው አጥንቱ እንዴት እየሟሟ እንደሚሄድ በራጅ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ቧንቧቸው ያልተዘጋው አሊጌተሮች አጥንቱን ቀድመው አሟሙተዋል። በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታየው የአጥንቱ ካልሲየም ነው፤ አሲዱ ካልሲየሙን ሲበላው ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ቀላል ዘዴ ነው፤ ግን ምን ያህል ያናግራል!

ይህ ግኝት ተቃዋሚ አላጣም፤ ተቃውሞውም ለእኔ ክርክር ጠቃሚ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ የሚገኙ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ የደም መንገድ በቀዶ ሕክምና ዘግተው አሊጌተሮቹን አሳደጉ። በዕድገታቸው ላይ ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። እንግዲያው መንገዱ ለመፈጨት አያስፈልግም ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መቸኮል አይገባም። ፍጥነትና ዕድገት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በርቢ ቤት በልኩና በሰዓቱ የሚመገብ እንስሳ ምግቡን ዘግይቶ ቢፈጭም ሊያድግ ይችላል። ሚዛን የሚነግረን ስንት ኪሎ እንደጨመረ ነው፤ ኪሎው በምን መንገድ እንደመጣ የሚያሳየው ሌላ ዓይን ነው። ራጅ ሲኖር ክርክሩ በሚታይ ነገር ላይ ይሆናል።

አሁን ይህ ለአርቢው ምን ይጠቅመዋል? የአዞ ሆድ የሚሠራው በሙቀት ነው። ዲፈንባክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ካይማን በተባሉት የአዞ ዘመዶች ላይ ባሳተመው ጥናት የጨጓራ እንቅስቃሴና የመፍጨት ፍጥነት ከሙቀት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አዞ የራሱን ሙቀት ከውስጥ አያመነጭም፤ ገላው ሲቀዘቅዝ መፍጨቱ ይዘገያል፣ እየባሰ ሲሄድም መብላት ያቆማል። በቀዝቃዛ ሰሞን በቀን መቁጠሪያ ብቻ የሚመግብ ሰው ያለፈው ምግብ ሳይወርድ ሌላ ሊጭንበት ይችላል፤ በሆድ የቆየ ሥጋ ደግሞ ይበሰብሳል። ሌላም አደጋ አለ። አዞዎች ድንጋይ ይውጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የአሊጌተር ጥናት ድንጋይ መዋጣቸው በውኃ ሥር የሚቆዩበትን ጊዜ እንዳረዘመላቸው ታይቷል። ግን የሚውጡት ድንጋይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኦማሃ ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ የሚኖር አንድ ነጭ አሊጌተር ጎብኚዎች ወደ ገንዳው የወረወሯቸውን 70 ሳንቲሞች በሆዱ ይዞ ተገኝቷል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2024 በመደበኛ ምርመራ ጊዜ በራጅ ባይታይ ኖሮ ብረቱ ሲመርዘው ማን ያውቅ ነበር? የአዞ ቆዳ ወፍራም፣ ፊቱም ሕመምን የማያሳይ ነው። በእኛ ቋንቋ «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው ምስጢር ሲደበቅ ነው፤ አዞ ግን ሕመሙንም በሆዱ ይዞ ይሞታል።

በዚህ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ከባዱ፣ ራጁ ራሱ የሚፈለገውን ነገር ያበላሻል የሚለው ነው። አዞን ይዞ አፉን አስሮ ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት ያስጨንቀዋል፤ የተጨነቀ እንስሳ ደግሞ እንደ ወትሮው አይፈጭም። ይህንን የነገረን ካነን ራሱ ነው፤ ድመቲቱ ስትቆጣና ስትረበሽ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ እንደሚቆም አይቷል። ትልልቅ አዞዎችን በተመለከተ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ በትግል ብዛት ደማቸው በአሲድ ተበክሎ እስከ ሞት ሊያደርሳቸው ይችላል። ይህን ተቃውሞ በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። መልሱ ግን ጥናቱን መተው ሳይሆን በጥንቃቄ ማካሄድ ነው። ግዙፎቹን ትቶ በትንንሾቹ መጀመር፣ ምስሎቹን አራርቆ ማንሳት፣ እንስሳቱን አስቀድሞ ከመያዝ ጋር ማለማመድ፣ ያልተነኩ መሰሎቻቸውንም ለማነጻጸር ማቆየት ይቻላል። የርቢ አዞ ስለ ዱር አዞ አይመሰክርም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚህ የምንጠይቀው ስለዚያው አጥር ውስጥ ስለምናኖረው እንስሳ ነው። ሥጋ ብቻውን በራጅ ጎልቶ አይታይም የሚለውም ልክ ነው፤ ከምግቡ ጋር ባሪየም መቀላቀል ይህን ያቃልላል።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ተቃውሞ ግን የሰው ነው። ታማሚ ለራጅ ረጅም መንገድ በሚጓዝበት አገር ለአዞ ራጅ ማንሳት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ከጤና ጣቢያ መሣሪያ ተወስዶ ለአዞ ይዋል የሚል ሰው ቢኖር የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። እየተጠየቀ ያለው ግን ይህ አይደለም። ለእንስሳት ሕክምና የሚውሉ ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያዎች አሉ፤ ጥቂት ጫጩቶችን ለአንድ ወቅት መከታተልም ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አርባ ምንጭ የሚገኘው የአዞ እርባታ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በሚሰበሰቡ እንቁላሎችና ጫጩቶች የተመሠረተ፣ እንስሳቱን ለቆዳቸው የሚያሳድግ ተቋም ነው። እዚያ መኖ ገንዘብ ነው፤ ሳይፈጭ የሚበሰብስ ሥጋም የባከነ ገንዘብ ነው። ከገንዘቡም በፊት ግን፣ ከሐይቁ ያወጣነውና መሸሽ የማይችል ፍጥረት አለ። ፀሐይ ልሙቅ ወይስ ውኃ ልግባ፣ ዛሬ ልብላ ወይስ ልቆይ የሚለውን ምርጫ ያጠበብንበት እኛው ነን።

እርባታው በአርባ ምንጭ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ከተማ አለ፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በቢሾፍቱ ይገኛል። ሦስቱ ተገናኝተው በተለያየ የውኃ ሙቀት የሚኖሩ ጥቂት ጫጩቶች የበሉትን በስንት ቀን እንደሚፈጩ በራጅ ይከታተሉ፤ ያገኙትንም ለአርቢዎች በሚገባ አማርኛ ያሳትሙ። ሥራውን ለመጀመር የቀዝቃዛውን ወቅት መግቢያ ይምረጡ፤ የአዞዎቹ ሆድ የሚቸገረው ያኔ ነውና።