ለአሮጊቷ ፊያት ጠርሙስ ይበቃታል?

ዛሬ ከኑዛዜ ልጀምር። ባለፈው ፋሲካ ለአጎቴ ይዤላቸው የሄድኩት ስጦታ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረች። ከወር ወጪዬ ቆጥቤ የገዛኋት የነዳጅ አዲቲቭ፣ ማለትም ቤንዚን ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ። ለአሮጌ ሞተር አዲስ ጉልበት እንደምትሰጥ በወርቃማ ፊደል ተጽፎባታል። እኔም አመንኳት።

አጎቴ አራት ልጆች አሏቸው፤ አምስተኛዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። (ባለቤታቸው ይህን አባባል አይወዱትም።) በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች። ሞተሯን የነደፈው ቀደም ሲል ፌራሪ ቤት ይሠራ የነበረው አውሬልዮ ላምፕሬዲ ነው፤ አጎቴ ይህን ሳይናገሩ እንግዳ አይሸኙም። ታዲያ ይህቺ የፌራሪ ዘመድ የእንጦጦን ዳገት ስትይዝ ታቃስታለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ጠዋት ደግሞ ካልለመኗት አትነሳም። ጠርሙሷን ጨመርንላት። በሳምንቱ አጎቴ "ተሽሏታል" አሉ። እኔም "አዎ፣ በጣም!" አልኩ። ማን ለካው? ማንም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ደርሼ፣ "ምንጭሽን አጣሪ" ሲባል እየሰማሁ፣ የጠርሙስ ማስታወቂያ እንዳለ ዋጥኩት።

በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። አቋሜም ይኸው፦ እንዲህ ላለች መኪና አብዛኛው ጠርሙስ ገንዘብ ማባከን ነው።

ኦክቴን ከፍ ያደርጋል የሚባለውን እንውሰድ። ብዙዎቻችን ኦክቴን ሲባል ጉልበት ይመስለናል። አይደለም። ኦክቴን ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ ራሱ እንዳይቀጣጠል የመቋቋም አቅሙ ነው። ይህ የሚያስፈልገው አየርና ቤንዚኑን በኃይል የሚያምቅ ሞተር ነው። የአጎቴ ፊያት የምታምቀው ወደ 9 ለ 1 ገደማ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ራሱ ያንሳል፣ የመንኳኳቱ አደጋም ይቀንሳል። ላልታመመ ሰው መድኃኒት ማለት ይኼ ነው። ደሞ "3 ነጥብ ይጨምራል" የሚለውን ጽሑፍ ልብ በሉ። በዚህ ንግድ ቋንቋ አንድ ነጥብ ብዙ ጊዜ የኦክቴን አንድ አሥረኛ ነው። 92 የነበረው 95 ሳይሆን 92.3 ይሆናል ማለት ነው! ውሸት አልተጻፈም፤ አንባቢው ግን ተታሏል።

ሁለተኛው የእርሳስ ምትክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ቶማስ ሚጅሊ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ሲጨመር መንኳኳቱ እንደሚቆም አገኘ። እርሳሱ ቫልቮላው የሚያርፍበትን ቦታም ከመበላት ይጠብቅ ነበር። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን፤ እንደ እንግሊዙ ኤም ጂ ቢ ቴስታታው ብረት የሆነና የቫልቮላው መቀመጫ እዚያው ብረት ላይ የተቀረጸ መኪና ያለው ሰው፣ በተለይ ረጅም መንገድ በፍጥነት የሚነዳ ከሆነ፣ ይህ ጠርሙስ ይጠቅመዋል። የፊያቷ ቴስታታ ግን አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ያን ዱላ ስለማይችል ገና ከፋብሪካው ጠንካራ የብረት ቀለበት ገብቶለታል። እርሳሱ ይመለስልን የሚል ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ይወቅ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ተሰናብተውታል፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም በ2021 አቆመች።

የሚያጸዳው ዓይነት እውነት አለው። ኢንጄክተር ላላቸው መኪኖች ጥሩ ማጽጃ ቆሻሻውን ያስለቅቃል፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ማጽጃ የሌለው ቤንዚን መሸጥ በሕግ ተከልክሏል። ባለ ካርቡራተሯ ፊያት ግን ኢንጄክተር የሚባል ነገር የላትም።

ታዲያ ምን ነበር ያመማት? መካኒኩ ጋ ወሰድናት። ሰውየው ብዙ አያወሩም። የአየር ፊልትሮውን አወጡና አሳዩን፤ እንደ ቡና መጥበሻ ጠቁሯል። አራቱም ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰዋል። ከዚያ ካርቡራተሩን ፈትተው የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ቁራጭ አወጡ። "ይህቺ ለባሕር ዳርቻ የተለካች ናት" አሉ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ እንዳለ ስለሚፈስ፣ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በጠባብ ቀየሯት፣ ፊልትሮና ካንዴላ ገባ፣ ማቀጣጠያው ተስተካከለ። አጎቴ በዓመት ለጠርሙስ ካወጡት ያነሰ ከፈሉ። እንጦጦን ስንወጣ በዚህ ጊዜ በሰዓት ለካሁ፤ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበርና።

"ምን ይጎዳል? ትንሽ ብር ነው" የሚሉ አሉ። የሚጎዳው ጊዜው ነው። ጠርሙሷ "ተሽሏታል" ባሰኘችን ወራት ካንዴላው ጥላሸት እየጠገበ ነበር።

ይህ የአንድ ፊያት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእናንተንም ጊዜ አልሻማም ነበር። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ያሉት እያረጁ ሲሄዱ የጠርሙሱ ገበያ ይደራል ብዬ እገምታለሁ። ያን ማስታወቂያ በማይክሮፎን የምናነበው ደግሞ እኛ ልንሆን እንችላለን። "እስከ 30 በመቶ ይቆጥባል" ተብሎ ቢሰጠን "እስከ" የምትለዋን ቃል ማን ይጠይቅ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚቀንስ አላገኘም።

ለፊያቷ የቀሩን የቤንዚን ጎማ ቱቦዎች ናቸው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ቤንዚን በ5፣ በኋላም በ10 በመቶ ኢታኖል ይደባለቅ ነበር፤ የድሮ ጎማ ደግሞ ኢታኖል አይወድም። መካኒኩ በጣታቸው ጫን ቢሏቸው ተሰነጣጠቁ። ዋጋቸውን ጠየቅን፤ አጎቴ "ደመወዝ ይግባና" ብለዋል። እስከዚያው ፊያቷ ግቢ ቆማለች፣ የጠርሙሷ ግማሽም የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቀምጧል።