ሕግ ቢጠብቅ ጠመንጃ ይፈታልን?

የጦር መሣሪያ ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉ በከተማ ያሉ ዐዋቂዎች አንድ መድኃኒት ብቻ ያዝዛሉ፤ ይኸውም ሕጉ ይጥበቅ፥ ቅጣቱም ይክበድ የሚል ነው። ባላገሩ ደግሞ ጠመንጃ የአባት ቅርስ ነውና ሕግ አይነካውም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከነገሩ ሥር አልደረሱም። ሰው ጠመንጃን ሙጭጭ አድርጎ የሚይዘው በፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱን ሳይመረምሩ ስለ ጠመንጃው ብቻ መከራከር ወባውን ትቶ ላቡን መጥረግ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177ን አጸደቀ። ያለ ፈቃድ ማንም መሣሪያ እንዳይዝና እንዳይነግድ፥ በእጁ ያለውም ቀርቦ እንዲያስመዘግብ የሚያዝ ሕግ ነው። አሳቡ መልካም መሆኑ አያከራክርም። እንዲህ ያለ ሕግ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ቢኖር፥ በሠርግ ቀን ለደስታ የተተኮሰች ጥይት ሠርጉን ወደ ለቅሶ ስትለውጠው ያላየ፥ ቀድሞ በዱላ ያልቅ የነበረ የወሰን ጠብ ዛሬ በክላሽንኮፍ የአንድ ቤት ወንዶችን ሲጨርስ ያልሰማ ነው። ዝናር የሚለው ቃል እንኳ በግእዝ የወገብ መታጠቂያ ማለት ሲሆን፥ በአማርኛ የጥይት መያዣ ሆኖ ቀርቷል። ቋንቋው ራሱ ምን ያህል እንደ ታጠቅን ይመሰክራል።

ነገር ግን ዐዋጁ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው፥ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በዓመቱ፥ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ በገፋ ጊዜ፥ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪው መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ አስመዝግቦ ሰፈሩን ለመጠበቅ እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ የአማራ ክልል መንግሥትም መሣሪያ ያለው ሁሉ ወደ ግንባር እንዲወጣ ጠራ። ከዚያም በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኀይሎች እንዲፈርሱ በተወሰነ ጊዜ፥ በአማራ ክልል ከተሞች ሁከት ተነሣ፤ በሐምሌም ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚህ ክርክር ማን በደለ፥ ማን ተበደለ የሚለው የሌላ ቀን ጉዳይ ነው። ገበሬው ከዚህ ሁሉ የተማረው ግን ሊታወቅ ይገባል። ጠመንጃህን አምጣ የሚለው የመንግሥት ቃል ሰምና ወርቅ ሆኖበታል፤ በጦርነት ጊዜ ይዘኸው ና ማለት ነው፥ በሰላም ጊዜ ግን ትተኸው ሂድ ማለት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ትርጓሜ የተሰጠውን ቃል የሚታዘዝ፥ ወይም እጅግ የዋህ ነው፥ ወይም ጠመንጃ የለውም።

ቅጣቱን አክብዱ የሚሉት ሰዎች ይህን ሲሰሙ፥ እንኪያስ ሞት ይሁንበት ይላሉ። ሞትማ ተሞክሯል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወራሪው ፋሺስት መሣሪያ የተገኘበትን ሰው ሲረሽን ኖረ፤ ከዚያ የበለጠ ቅጣት ከወዴት ይመጣል? ሸዋም ጎጃምም በጌምድርም ግን ትጥቁን አልፈታም። እርግጥ ያ የወራሪ ትእዛዝ ነበር እንጂ ሕግ አልነበረም። ልዩነቱም ይኸው ነው፤ ሕግን ሕግ የሚያደርገው የቅጣቱ ክብደት አይደለም።

በጽሑፍ እኩል የሆነ ሕግ ሁሉ በሥራም እኩል ይመስላቸዋል የሚያረቅቁት። ኢትዮጵያ ይህን ከማንም ቀድማ ታውቃለች። በ1882 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው፥ በአፍሪካ ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው አገር ጠመንጃ እንዳይገባ ተዋዋሉ፤ አገራችን በዚያ መካከል ነበረች። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን በዐድዋ ብዙ ጠመንጃ የያዘ ሠራዊት ተሰለፈ፤ ነጋዴ ትርፍ ካየ ውልን አያነብምና። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ራስዋ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋራ የመሣሪያ ንግድ የሚመራበትን ውል ፈረመች። አምስት ዓመት ቈይቶ፥ በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ በኤርትራና በሶማሌ ሠራዊትዋን ስታከማች፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ቃሉ ለሁለቱም እኩል ነበር። ኢጣልያ ግን ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ አልነበራትም። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

እንግዲህ በወንዝ ማዶና ማዶ የሚኖሩ ሁለት ቀበሌዎች ይታሰቡ። ዐዋጁ ለሁለቱም አንድ ነው። በዚህኛው በኩል ትጉህ ሹም አለ፥ መሣሪያው ይመዘገባል፥ ይሰበሰባል፤ በዚያኛው በኩል ሹሙ ሰነፍ ነው፥ ወይም ዘመዶቹን ይፈራል። በበጋ ከብት ሲነዳ የሚያለቅሰው የትኛው ነው? የታዘዘው ነው። ስለዚህ አጠገቡ ያለው ጎረቤት እስኪያስረክብ ድረስ ማንም የፊተኛ መሆን አይወድም፤ ይህም እብደት አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ሕግ ከቶ አይሠራም ብሎ መደምደም ደግሞ ስንፍና ነው። በአውስትራልያ በሚያዝያ ወር 1988 ዓ.ም. አንድ ሰው በፖርት አርተር 35 ሰዎች ገደለ፤ የፌዴራሉና የክልሎቹ መንግሥታት ወዲያው ተስማምተው ሕጉን አጠበቁ፥ መንግሥትም 650 ሺህ ገደማ ጠመንጃ በዋጋ ገዝቶ ከሕዝብ ሰበሰበ። በዋጋ የሚለው ቃል ይሰመርበት። ጠመንጃውን የሸጠው ሰው ገንዘቡን ይዞ ገባ፥ ሌሊትም ተኛ፤ ሌባ ቢመጣበት የሚደርስለት ፖሊስ፥ የሚፈርድለት ዳኛ እንዳለ ያውቃልና። ደግሞም ያች አገር ዙሪያዋ ባሕር ነው። የእኛ ወሰን ግን ከሱዳን እስከ ሶማሌ ሜዳና በረሓ ነው፤ በመተማ መንገድ በጭነት መኪና ዕቃ መካከል ተሸሽጎ ሲገባ የተያዘው ሽጉጥ ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ አንባቢ ያስታውሳል። ሁለት በሬ ሸጦ ክላሽ ከገዛው ገበሬ ያለ ካሣ ከመውሰድ በፊት፥ ያን መንገድ መዝጋት ይቀላል፥ ፍርድም አያጓድልም። በሰባራ ሰናድር ላይ ዘመቻ ተደርጎ በመቶ የሚጭነው ነጋዴ ሲያልፍ ሕጉ መሳቂያ ይሆናል።

መዝገቡም በአንድ ቀን በወሰኑ ወዲያና ወዲህ ይከፈት፤ አንዱ ወገን የሌላውን ቍጥር ይስማ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደም የተቃቡ ወገኖች ሲታረቁ ሽማግሌዎችና ካህናት የሚሄዱበትን ሥርዓት ያየ ያውቀዋል። ገዳዩን አስቀድመው ጠመንጃህን ጣል አይሉትም። ዋስ ይጠራል፥ ካሣ ይቈረጣል፥ መስቀል ተይዞ ሁለቱም ወገን ይምላል፤ መሣሪያ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ዘመን ግን ገበሬው ጠመንጃውን ተሸክሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድና፥ ከማስረከቤ በፊት ዋስ ጥሩልኝ ቢል፥ ማንን ይጠሩለታል?