ወተት አይጠብቅም

ከሰቃ እስከ ጅማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ቡናም ወተትም ወደ ገበያ ይጓዛል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አንዱ ገበሬ ነው። የሁለቱ ዕጣ ግን ለየቅል ነው።

የደረቀ ቡና ዋጋው ካልጣመ በጆንያ ሆኖ ይቆያል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናን በደረጃ እየመደበ ያገበያያል። (በመካከል ሰብሳቢና አቅራቢ መኖሩን አንዘነጋም።) ወተት ግን ጠዋት ታልቦ ማቀዝቀዣ ካላገኘ ማታውን አይደርስም። ስለዚህ ጄሪካንዋን ይዛ ከሆቴል ደጃፍ የደረሰች ሴት «ዛሬ ዋጋው ቀንሷል» ብትባል ምን ትመልሳለች? ይዛው ብትመለስ ይረጋል። «ታዲያ ቅቤ ታውጣው» ትሉ ይሆናል፤ የልጅዋን ደብተር የሚገዛው ግን የዛሬው ብር ነው።

የገዢውም ስሞታ ሁልጊዜ ሐሰት አይዶለም። ውሃ የተቀላቀለበት ወተት የሚያቀርብ አይጠፋም። ነገር ግን በዓይን አይቶ «ቀጥኗል» ማለት ፍርድ አይሆንም። ላክቶሜትር የሚባል የመስታወት መለኪያ አለ፤ ውሃ በገባበት ወተት ውስጥ ከልኩ ይበልጥ ይሰምጣል። እርሱም በሻጭዋ ፊት ይነከር። (ቅባቱን ገፎ ውሃ የሚጨምር ብልጥ ይህን መለኪያ ያታልለዋልና፣ ለእንዲህ ያለው የቅባት ምርመራ ያሻል።)

የጾሙስ ነገር? በዓቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ የክርስቲያን ቤት ወተት አይገዛም፤ ላም ግን አትጾምም። ጾሙ መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ ገዢው ስንት ሊትር በስንት ብር እንደሚቀበል አስቀድሞ ሊጻፍ ይችላል።

በእንግሊዝ አገር በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የወተት ደንብ ገዢው በጽሑፍ እንዲዋዋል፣ ውሉንም ብቻውን እንዳይለውጥ ያዝዛል፤ ሊያቋርጥ ቢያስብ የ12 ወር ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ለሰቃዋ ሴት 12 ወር አንጠይቅም፤ አንድ ሳምንት ብታገኝ እንኳ ሌላ ደንበኛ ትፈልግ ነበር። በኛም አገር የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ወጥቷል።

በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ወጣት አንባቢዬ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃሃል፤ ዋጋው፣ መለኪያው፣ የክፍያው ቀን፣ የጾሙ ወራት። ቋንቋዋ ኦሮምኛ ስለ ሆነ ውሉም በኦሮምኛ ይጻፍ፤ ከመፈረምዋም በፊት ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት።