ሣቁም ይቀጥል፤ መጽሐፉም ይነበብ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች ቁጥራችን ጥቂት አይደለም። አባቶቻችን መናገሻ አውራጃ ይሉት የነበረው አገር አስተዳደሩ ተለዋውጦ፣ ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ የታክሲው ሰልፍ ግን አልተለወጠም። አንዳችን በጅማ፣ አንዳችን በአምቦ፣ አንዳችን በጎጃም መንገድ ስለምንበታተን ማታ ማታ የምንገናኘው በቴሌግራም ነው። በዚያም የቀልድ ዘፈንና የመጽሐፍ ጥቆማ እንለዋወጣለን። ስለ ሁለቱም ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ዘፈኑ። የታወቀ የፍቅር ዘፈን ዜማው ተወስዶ ስለ ታክሲ ሰልፍ ወይም ስለ ፈተና በቀልድ ግጥም ሲዘፈን የሰሙ አንዳንድ ታላላቆቻችን ቁም ነገር የጠፋ ይመስላቸዋል። በእኛ አስተያየት ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። በአዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ዜማ ሲመልስለት ኖሯል። የእኛም ሣቅ የዚያው ወግ ልጅ ነው። ጉድለታችን ሌላ ነው። የዜማውን ባለቤት ስም አንጠራም፤ አንዳንድ ጊዜም ቀልዱ በራሳችን ኑሮ ላይ መሆኑ ቀርቶ በጓደኛ አነጋገር ላይ ይሆናል። እንዲህ የተቀለደበት አንድ ጓደኛችን በዚያች ሌሊት አብሮን ሣቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ወር ያህል ድምፁን አልሰማንም። እኛም ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

ወደ መጽሐፉ እንለፍ። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ የተነሡ አርባ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ላከልን። ሁላችንም አመሰገንን፤ ሁላችንም አወረድን፤ እስከምናውቀው ድረስ አንዱን እንኳ የጨረሰ የለም። ላኪውም ቢሆን አላነበባቸውም ነበር።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ጓደኛችን በ1958 ዓ.ም. ስለታተመው ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» አራት መስመር ብቻ ጻፈችልን። ጉዱ ካሳን ሰው እንደ እብድ የሚያየው እውነቱን ስለሚናገር መሆኑን ገልጣ፣ የእኛስ ቀልድ የትኛውን እውነት እንደሚናገር ጠየቀችን። መልስ አጣን። የእሷው አንድ ቅጂ ከሰበታ ወደ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ ተሻገረ፤ ጫፉ ታጥፎ፣ ሻይም ጠብ ብሎበት ተመለሰ። ስድስት ሰዎች አነበብነው። ከዚያ ወዲህ ከተላኩት የቀልድ ዘፈኖች ሁሉ የላቀው ስለ ጉዱ ካሳ የተገጠመው ነው። አርባው ፋይል ያልሠራውን አራት መስመር ሠራው።

መጽሐፍ ውድ ነው፣ ተማሪ ከየት ያመጣል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ችግሩ የእኛም ነው። ይሁን እንጂ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የእሳቸው መጽሐፍ መብት ገና ብዙ ዘመን ይቀረዋል፤ ዛሬ በሕይወት ሆኖ የሚጽፈውማ ኑሮው ከዚያ ነው። እኛ ነገ ደራሲ ለመሆን የምንመኝ ሰዎች የደራሲን እንጀራ በጣታችን ጫፍ እየነጠቅን ስለ ሥነ ጽሑፍ መውደቅ ብናዝን ማን ያምነናል? አንድ ቅጂ በማኅበር ገዝቶ መዋዋስ ግን የሚከለክለው የለም፤ ቤተ መጻሕፍትም አለ።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ያላነበብነውን መጽሐፍ አንጠቁም፤ ያነበብነውን ስንጠቁም ለምን እንደወደድነው በጥቂት መስመር እንጻፍ። ዜማ ስንዋስ የባለቤቱን ስም እንጥራ። ስንቀልድም በራሳችን እንጀምር። መምህራኖቻችንም ከፈቀዱ በዚሁ መንገድ አንዳንድ መጽሐፍ ይጠቁሙን። ያን ዝም ያለ ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ባለፈው ሳምንት ስለ ታክሲ ሰልፍ አዲስ ግጥም ልኮልናል። «ተቀበሉ!» ብሎናል፤ ተቀብለናል።