መንዙማን «ዜማ ብቻ ነው» ከማለትህ በፊት ግጥሙን ስማ!



ሰሞኑን ሰኞ ገበያ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ወጣት ከስልኩ መንዙማ ከፍቶ ጓደኛው «ተው ወንድሜ፣ ይሄ ምን ቁምነገር አለው? ዜማ ብቻ ነው» ሲለው ሰማሁ። ልጁም «ዜማው ደስ ስለሚለኝ ነው እንጂ ግጥሙን መች አዳምጬው» አለ። ወላሂ፣ ከነቃፊው ይልቅ የወዳጁ መልስ አሳዘነኝ።

ስሙን እንይ። መንዙማ «ነዘመ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሉልን በክር ሰካ፣ ደረደረ ማለት ነው። ደረሳ ነሕው የሚቀራበት የኢብኑ ማሊክ አልፊያ፣ አንድ ሺህ ያህል ስንኝ ያለው፣ እሱም መንዙማ ነው። ስሙ የዕውቀት ስም ነው፣ የዘፈን አይደለም።

ቅርጹስ? የወሎ መንዙማ በሐምድና በሰለዋት ይከፈታል፣ ጉዳዩን ይናገራል፣ በዱዓ ይዘጋል። ይህ የኪታብ አከፋፈትና አዘጋግ ነው። አውጪው ስንኙን ሲያወጣ ተቀባዩ አዝማቹን ይመልሳል፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ በመመለስ ብቻ ሰለዋቱን ይዛ ቤቷ ትገባለች። አንተ አዝማቹን ብቻ ቆርጠህ በሠላሳ ሴኮንድ ቪዲዮ ስትለጥፍ ሐምዱንም ዱዓውንም ጥለሃል።

«ሰምና ወርቅ የለውም» የሚሉም አሉ። በበላጋ ትምህርት ተውሪያ የሚባል አለ፤ ቅርቡ ትርጉም ይሰማል፣ የተፈለገው ግን ሩቁ ነው። መንዙማ በሁለት ቋንቋ ስለሚሠራ ይህ ይመቸዋል። «በልቤ ኑር» ብል አማርኛ ብቻ የሚያውቅ «ተቀመጥ» ይለዋል፤ ቁርኣን የቀራ ግን ኑሩን፣ ብርሃኑን ይሰማል። አንድ ቃል፣ ሁለት በር!

መዝናኛ የሚመስለው ቦሩ ሜዳን ያስታውስ። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲያስገድዱ ከተቃወሙት ዑለማዎች አንዱ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። እኚሁ ሸኽ በአማርኛ፣ በዐጀም ፊደል መንዙማ ጽፈዋል። ኪታብ ይቃጠላል፤ ቤት የሚመታ ስንኝ ግን ከደረት አይወጣም።

«ከተውሒድ ጋር የሚጋጭ ስንኝ አለ» የምትል ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይከበራል። ግን ስንኙን ጥቀስና ዑለማ ጠይቅ። ሱረቱ ሹዐራእ ገጣሚዎችን ሲወቅስ ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ለይቶ አውጥቷል፤ ሐሳን ኢብኑ ሳቢትም በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ገጥሟል። አላህ የለየውን አንተ በጅምላ አትጣል።

እናንት ወዳጆችም፣ መውደድ ካላችሁ በዚህ ሳምንት አንድ መንዙማ ከሐምዱ እስከ ዱዓው ከአንድ ሽማግሌ ጠይቃችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ዐጀሙን የሚያነቡልን አባቶች በየዓመቱ እያነሱ ነው። እነሱ ካለፉ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ያ ሠላሳ ሴኮንድ ነው።

አላህ ሰምተው ከሚያስተውሉት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።