ባለቤት ያጡ ሲኒማ ቤቶች

የአዲስ አበባ ሰፈር ሲኒማ ቤቶች ለምን ወደቁ ሲባል ብዙ ሰው ጥፋተኛውን የሚያገኘው ሳሎኑ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ፣ ቀጥሎ ቪዲዮው፣ ከዚያ ዲሹ፣ ዛሬ ደግሞ ስልኩ። ነገሩ ያሳምናል፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። ቴሌቪዥን እዚህ አገር የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ሲኒማ ቤቶቹ ደመቁ እንጂ አልከሰሙም። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ረጅም ፊልም፣ «ሂሩት አባቷ ማነው»፣ የመጣውም በዚያው ሰሞን ነበር።

በምኒልክ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ለተከፈተው የመጀመሪያው ሲኒማ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። የዚያ ሕዝብ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ ፒያሳ ኢምፓየርና ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ወደ ታች አምባሳደር፣ መርካቶ በኩል ሲኒማ ራስ በር ላይ ሲጋፉ የኖሩት። «ማዘር ኢንዲያ»ን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ የተወ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የህንድ ፊልም ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፤ ግርጌ የሚሮጠውን እንግሊዝኛ ማንበብ የቻለ አጠገቡ ላሉት ይተረጉማል፣ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። በፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት የምታለቅስበት ምክንያት በአንድ ሰፈር ሁለት ዓይነት ሆኖ ይወራ የነበረው በዚህ የተነሳ ነው።

ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ሥራ ግን ብዙዎች አላዩትም። ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም የሚመጣው ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ያህል በሚሄድ ጥቅል ነበር። ኦፕሬተሩ በሁለት ማሽን መካከል ቆሞ፣ አንዱ ሊያልቅ ሲል በምስሉ ቀኝ ጥግ ላይ ብልጭ የምትለውን ነጥብ ይጠብቃል። ነጥቧን ሲያይ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳል፤ እንደገና ብልጭ ስትል ብርሃኑን ያዛውራል። ካመለጠችው ሸራው ነጭ ይሆናል፣ አዳራሹም በፉጨት ይናጋል። ፉጨቱን ቀድሞ የሚሰማው ባለቤቱ ነው፤ ነገ በር ላይ የሚጎድለው ገንዘብ የእሱ ነውና።

የእኔ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች፣ ብዙዎቹ የውጭ አገር ተወላጆች፣ ቅዱሳን አልነበሩም፤ የሚያሳዩት የሚሸጠውን ነው። ግን ፊልሙን በገንዘባቸው ተከራይተው ያመጣሉ፣ የቱ ፊልም በየትኛው ሳምንት እንደሚሞላ ያውቃሉ፣ ወንበር ሲሰበር ያስጠግናሉ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። በዚያው የውርስ ዘመን ሲኒማ ቤቶቹም ወደ መንግሥት እጅ ገቡ፤ ሲኒማ ራስ ውሎ አድሮ ራስ ቴአትር ሆነ። ሠራተኛው ሥራውን አልጠላም። ነገር ግን አዳራሹ ሞላም ባዶ ዋለም ደመወዙ ያው ነው፤ አምፖል ሲቃጠል ማመልከቻ ይጻፋል፣ በጀት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ቤቶች በየመንደሩ ሲከፈቱ ያሸነፉት በጥራት አይደለም፤ ምስላቸው ደብዛዛ፣ አግዳሚያቸውም ጀርባ የሚሰብር ነበር። ያሸነፉት ባለቤታቸው በር ላይ ቆሞ ሳንቲም ስለሚቀበልና ደንበኛው ምን ማየት እንደሚፈልግ ስለሚጠይቅ ነው።

ተመልካቹ እንዳልሞተ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ በግልጽ ታየ። እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ በቪዲዮ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ሲመጡ ያው ያረጁት አዳራሾች እንደገና በሰልፍ ተከበቡ። ወንበሩ አልተለወጠም፣ ድምፁም አልተሻሻለም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙን ይዞ የመጣው ፕሮዲዩሰር ያለችውን ያፈሰሰበት፣ ባዶ አዳራሽ የሚያከስረው ሰው ነበር። ባለቤትነት በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ይቻላል።

«ታዲያ የግል ሲኒማዎቹስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓለም ሲኒማ፣ ሰባስቶፖል፣ በኋላም ኤድና ሞል ውስጥ የነበረው ማቲ የግለሰብ ሥራዎች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ዕድሜው ያልረዘመ አለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ይዞ መጣ፤ በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባና አዳራሾች ተዘጉ፤ ፊልሙም ወደ ዩቲዩብ አዘነበለ። እነዚህ ሁሉ ጎድተዋል። የባሰው ጉዳት ግን የቦታው ዋጋ ይመስለኛል። በትልቅ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሲኒማ በየዓመቱ ከሱፐርማርኬትና ከሠርግ አዳራሽ ጋር በካሬ ሜትር ኪራይ ይወዳደራል። የትኬቱ ዋጋ ይህን ለመሸፈን ሲወጣ፣ በሳምንት ሁለቴ ይመጣ የነበረው ወጣት በዓመት ሁለቴ ይመጣል። የሰፈር ሲኒማ የኖረው ደግሞ በዚያ ተመላላሽ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ባለቤት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ገቢው ከቦታው ሳይሆን ከትኬቱ የሚመጣ ባለቤት ያስፈልጋል።

ከተማው በእጁ የቀሩትን አዳራሾች በአስተዳዳሪ ከማስጠበቅ፣ ሙያውን ለሚያውቁ ሰዎች በረጅም ውል ቢሰጥ ይሻላል። ሁለት ግዴታ ይበቃል፤ ቤቱ ሲኒማ ሆኖ እንዲቀጥል፣ ኪራዩም በካሬ ሜትር ሳይሆን ከትኬት ሽያጭ በመቶኛ እንዲከፈል። አዳራሹ ባዶ ሲውል ተከራዩም ከተማውም አብረው ይክሰሩ።